ወለቃ፤ ወይም የሄደ ጎረቤት እንዴት ሊታሰብ እንደሚገባው

በአዲስ አበባ ከተማ በስተምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ወገን፣ ቤቴል የተባለ ሰፈር አለ። ስሙ የዕብራይስጥ ቃል ነው፤ ትርጓሜውም የእግዚአብሔር ቤት ማለት ነው። ያዕቆብ ከወንድሙ ከኤሳው ሸሽቶ ሲሄድ ድንጋይ ተንተርሶ ያደረበትን ስፍራ በዚህ ስም እንደ ጠራው በኦሪት ዘፍጥረት ተጽፎ ይገኛል። ነገር ግን መጽሐፉ አዲሱን ስም ብቻ ተናግሮ ዝም አላለም፤ ያች ከተማ አስቀድማ ሎዛ ትባል እንደ ነበረ ጨምሮ ይነግረናል። አዲሱ ስም የከበረ ስለ ሆነ አሮጌው ይደምሰስ አልተባለም። በዚህ አጭር ነገር ውስጥ ብዙ ትምህርት አለ። በአንድ ስፍራ አስቀድመው የኖሩትን ሰዎች መርሳት፣ በኋላ ለሚኖሩት ምንም ክብር አይጨምርላቸውምና።

በኢትዮጵያ ምድር ይህን ነገር ለመመርመር ምሳሌ የሚፈልግ ሰው ቢኖር ወለቃን ይመልከት። ወለቃ ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን ጥቂት ራቅ ብላ፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር የምትገኝ ትንሽ መንደር ናት። በዚያ መንገድ ያለፉ ብዙ እንግዶች፣ ከጭቃ ተሠርተው በእሳት የተተኮሱ ልዩ ልዩ ቅርጾች በጎጆው ደጅ ተደርድረው ሲሸጡ አይተዋል፤ አንበሳ፣ ወፍ፣ መጽሐፍ የያዘ ቄስ፣ ባለ ስድስት ማዕዘን የዳዊት ኮከብም ይገኝበታል። በመንደሩም ውስጥ የቀድሞ የጸሎት ቤት አለ። የጸሎት ቤቱ ባለቤቶች ግን ዛሬ በዚያ የሉም፤ ሸክላውን ከሚሠሩት ሴቶችም የሚበዙት የሌላ ሃይማኖት ሰዎች ናቸው። እንግዲህ ከነዚህ ሴቶች የአንዲቱ ልጅ «ይህ ኮከብ የማን ነው?» ብሎ እናቱን ቢጠይቃት፣ እውነተኛው መልስ ምንድን ነው? መልሱ አንድ ቃል አይደለም፤ ብዙ ዘመን የፈጀ ታሪክ ነው።

በወለቃና በጎንደር ዙሪያ፣ በደምቢያ፣ በወገራ፣ በሰሜን ተራሮችም የኖሩት እነዚህ ሰዎች ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ይሉ ነበር። ሌላው ሰው ግን ፈላሻ፣ አንዳንድ ጊዜም ካይላ ብሎ ይጠራቸው ነበር። ፈላሻ የሚለውን ስም እነርሱ እንደ ስድብ ስለሚቆጥሩት አይወዱትም። ቅዱስ መጽሐፋቸው በግዕዝ የተጻፈ ኦሪት ነው። ስለ ሰንበት ክብር የሚናገር ትእዛዘ ሰንበት የሚባል መጽሐፍም ነበራቸው፤ የቅዳሜን ሰንበት በብርቱ ጥንቃቄ ይጠብቁ ነበር። የጸሎት ቤታቸውን መስጊድ፣ ካህናቸውን ቄስ ይሉ ነበር፤ መነኮሳትም ነበሩአቸው። በየዓመቱ ከአስተስርዮ በዓል በኋላ በ50ኛው ቀን ስግድ የሚባለውን በዓል ሲያከብሩ፣ ጾመውና ነጭ ልብስ ለብሰው፣ ኦሪቱን ተሸክመው ወደ ተራራ ይወጡ ነበር። በዚያም ካህናቱ ሕጉን ያነባሉ፤ ሕዝቡ ይሰግዳል፤ ወደ ኢየሩሳሌም ለመመለስም ይለምናል። ከዚያም ከተራራው ወርደው በደስታ ጾማቸውን ይፈቱ ነበር።

ስለ ንጽሕና ያላቸው ሥርዓት ብርቱ ስለ ነበረ፣ ሃይማኖቱ ልዩ የሆነውን ሰው የነካ ሁሉ ወደ ቤቱ ከመግባቱ በፊት በውኃ ይታጠብ ነበር። ስለዚህም ጎረቤቶቻቸው «አትንኩኝ» የሚል ስም አወጡላቸው። በአንድ ገበያ እየተገናኙ፣ በአንድ ወንዝ እየቀዱ፣ በማዕድ ግን ሳይገናኙ ብዙ መቶ ዓመት ኖሩ።

ይህ ሕዝብ ርስቱን እንዴት እንዳጣ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የቀረው ታሪኩ ሁሉ ከዚህ ይመነጫልና። በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ይስሐቅ ቤተ እስራኤልን በጦር ድል አድርገው፣ ጥምቀትን የተቀበለው የአባቱን ርስት እንዲወርስ፣ ያልተቀበለው ግን ፈላሲ እንዲሆን ፈረዱ ተብሎ ይነገራል። ፈላሻ የሚለውን ስም ብዙዎች ከዚህ ነገር ጋር ያያይዙታል። በ16ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ሠርፀ ድንግል ወደ ሰሜን ተራሮች ዘመቱ። የዚያን ዘመቻ ነገር የጻፈው የንጉሡ ዜና መዋዕል ጸሐፊ፣ እጇ ከማራኪዋ እጅ ጋር የታሰረች አንዲት ሴት የአምላኳን ስም ጠርታ ራሷን ወደ ገደል እንደ ጣለች፣ ማራኪዋንም ይዛው እንደ ወደቀች ይተርካል። ጸሐፊው የድል አድራጊው ሰው ሆኖ ሳለ የዚችን ሴት ድፍረት ሊሸሽገው አልቻለም። በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ደግሞ ዐፄ ሱስንዮስ የመጨረሻውን ኃይላቸውን ሰበሩት። ከዚያ በኋላ ቤተ እስራኤል የራሳቸው አገዛዝ አልነበራቸውም።

ርስት የሌለው ሰው ወይ የሌላውን መሬት አርሶ እህሉን ይካፈላል፣ ወይ በእጁ ሥራ ይኖራል። ቤተ እስራኤልም እንዲሁ አደረጉ። ወንዶቹ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔና ግንበኛ ሆኑ፤ ሴቶቹ ሸክላ ሠሩ። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ከቆረቆሩ በኋላ፣ በከተማዋ ሥራ ላይ ከደከሙት ግንበኞችና አናጢዎች መካከል ቤተ እስራኤል ነበሩበት። ዛሬ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ የሚያደንቃቸው የጎንደር ግንቦች፣ የነገሥታቱ ስም ብቻ ሳይሆን ስማቸው ያልተጻፈ የእነዚህ ባለ እጆች ላብም አለባቸው።

እነሆ ከዚህ ላይ የነገሩ ክፉ ወገን ይጀምራል። ገበሬው ማረሻውንና ማጭዱን ከቀጥቃጩ ይገዛል፤ ሚስቱም ምጣዷንና እንስራዋን ከሸክላ ሠሪዋ ትገዛለች። ያለ ማረሻ አይታረስም፤ ያለ ምጣድ እንጀራ አይጋገርም። ይሁን እንጂ ያንኑ ቀጥቃጭና ያችኑ ሸክላ ሠሪ «ቡዳ ናቸው፤ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ፤ ማታም ጅብ ይሆናሉ» ይሉአቸው ነበር። ሕፃን ቢታመም፣ ላም ብትነጥፍ፣ በደሉ በእነርሱ ላይ ይጫን ነበር።

የዚህ ሐሜት ምክንያት ምን ነበር? የመጀመሪያው አለማወቅ ነው። ብረት በእሳት ሲቀልጥ፣ ጭቃም በእሳት እንደ ድንጋይ ሲጠነክር ያየ ሰው፣ የወናፉን ሥራ ስላላወቀ ምትሃት መሰለው። ሁለተኛው የበሽታ ምክንያት አለመታወቁ ነው፤ ሰው የመከራውን ምክንያት ባጣ ጊዜ ከእርሱ የሚለየውን ሰው ምክንያት ያደርገዋል። ሦስተኛው ተለይቶ መኖር ነው፤ አብረው የማይበሉ ሰዎች አንዱ ስለ ሌላው የሰሙትን ሁሉ ያምናሉ። አራተኛውም፣ ከሁሉ የሚከፋው፣ ጥቅም ነው። ርስት የተነጠቀን ሰው «መሬት ቢያጣ ይገባዋል» ለማለት፣ አስቀድሞ ክፉ ነው ማለት ያስፈልጋልና።

በ19ኛው መቶ ዓመት የውጭ ሰዎች ስለ ቤተ እስራኤል ሰምተው ይመጡ ጀመር። በ1852 ዓ.ም. ሄንሪ ስተርን የተባለ ሰው ክርስትናን ሊሰብክላቸው መጣ። እርሱ ራሱ በጀርመን አገር ከአይሁድ ወላጆች ተወልዶ በኋላ ክርስቲያን የሆነ ነው። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ትምህርቱን ተቀበሉ፤ ሌሎቹ አጥብቀው ተቃወሙ፤ በአንድ ቤተ ሰብም ውስጥ መለያየት ሆነ። በ1854 ዓ.ም. ገደማ አባ ማሃሪ የተባሉ መነኩሴ፣ የመመለሻው ቀን ደረሰ ብለው ብዙ ሰው አስከትለው ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ በእግር ተነሡ። እስከ ትግራይ ደርሰው በረኃብና በበሽታ ብዙዎች አለቁ፤ የተረፉትም አንዳንዶቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ቀጥሎም በጥር 1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን አቃጠሉ፤ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ክፉ ቀን የተባለው የከብት እልቂትና ረኃብ ሆነ። በዚያ ዘመን ክርስቲያኑም፣ እስላሙም፣ ቤተ እስራኤልም እኩል ተቀጠፈ።

በ1896 ዓ.ም. ዣክ ፋይትሎቪች የተባለ አይሁዳዊ ምሁር ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ወጣቶችን እየወሰደ በውጭ አገር ያስተምር ጀመር። ከነዚህም የመጀመሪያው በአሥመራ በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት የተማሩት አቶ ታምራት አማኑኤል ናቸው፤ እርሳቸውም በኋላ በአዲስ አበባ በ1916 ዓ.ም. ገደማ የተከፈተው የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤት ኃላፊ ሆኑ። ሌላው አቶ ዮና ቦጋለ ናቸው። እርሳቸው የተወለዱት በዚችው በወለቃ ነው። ከዚህች መንደር ወጥተው በኢየሩሳሌም፣ በጀርመን አገር በፍራንክፈርት፣ በሌሎችም ከተሞች ተማሩ፤ ተመልሰውም አገራቸውንና ወገናቸውን በትምህርት ሥራ አገለገሉ። ቡዳ ሲባል ከኖረ መንደር ብዙ ቋንቋ የሚያውቅ ሊቅ ወጣ።

ከዚያም የመለያየት ዘመን ደረሰ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ርስት ለሌለው ሁሉ መሬት ሰጠ፤ ቤተ እስራኤልም ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ መሬት አገኙ። ነገር ግን የቀድሞው ጥላቻ በአዋጅ አልጠፋም፤ ጦርነትና ረኃብም ተጨመረበት። ብዙዎች መንደራቸውን ትተው ማታ ማታ እየተጓዙ ወደ ሱዳን ተሻገሩ። በመንገድና በሱዳን መጠለያ 4,000 ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ይነገራል፤ ለነርሱም በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ መታሰቢያ ተሠርቶላቸዋል። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በተደረገው የሙሴ ዘመቻ ወደ 8,000 የሚጠጉ ሰዎች ከሱዳን ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ተወሰዱ። በግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ፣ 36 ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች ከአዲስ አበባ ተነሥተው ሄዱ። ዛሬ በእስራኤል አገር ከኢትዮጵያ የመጡትና ልጆቻቸው ከ160 ሺህ በላይ ናቸው፤ የስግድ በዓልም ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያ አገር የመንግሥት በዓል ተብሎ በሕግ ታውቋል። ቀድሞ ክርስትናን ከተቀበሉት ወገኖች ግን ገና መሄጃቸውን እየጠበቁ በጎንደርና በአዲስ አበባ የሚኖሩ አሉ።

እንግዲህ ወለቃ ባዶ የቀረችው በዚህ መንገድ ነው። ቤት አለ፤ ባለቤቱ የለም። መቃብር አለ፤ አልቃሽ የለም። ተራራው አለ፤ ወደ ላይ የሚወጣ ጸሎተኛ የለም።

እንደዚህ ያለ ባዶነት በሌላም አገር ይታወቃል። በጀርመን አገር በብዙ ትንንሽ ከተሞች አይሁድ ለብዙ መቶ ዓመት ኖረው ነበር፤ ከብት ነጋዴ፣ ጨርቅ ሻጭ፣ ሐኪም፣ አስተማሪ ሆነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ኅዳር 9 ቀን 1938 ዓ.ም. ሌሊት የጸሎት ቤቶቻቸው ተቃጠሉ፤ ከዚያም በኋላ በሂትለር መንግሥት እየተጋዙ ተገደሉ። በመላው አውሮፓ የተገደሉት አይሁድ 6 ሚሊዮን ያህል ናቸው። ዛሬ ከእነዚያ ትንንሽ ከተሞች በብዙዎቹ አንድም አይሁዳዊ የለም። ሆኖም የከተሞቹ ሰዎች፣ ከነርሱም ብዙ ተማሪዎች፣ የከተማውን መዝገብ እያገላበጡ፣ የመቃብሩን ድንጋይ እያነበቡ፣ ሽማግሌዎችን እየጠየቁ፣ በየትኛው ቤት ማን ይኖር እንደ ነበረ ይፈልጋሉ። ጉንተር ዴምኒሽ የተባለ ጀርመናዊ የእጅ ባለሙያ በዚያው አቆጣጠር ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የሟቹ ስምና ዘመን የተቀረጸበትን፣ ላይኛው ገጽ በናስ የተለበጠ ትንሽ ድንጋይ፣ ሰውዬው ይኖርበት ከነበረው ቤት ደጅ በመንገድ ላይ ያኖር ጀመር። እስከ 2023 ዓ.ም. ድረስ እንደዚህ ያሉ ድንጋዮች በአውሮፓ ከ100 ሺህ በልጠዋል። መንገደኛው ስሙን ለማንበብ ጎንበስ ይላል፤ ይህም ጎንበስ ማለት እንደ ሰላምታ ነው።

የሁለቱ አገር ነገር አንድ ነው ማለት ግን እውነት አይደለም። በጀርመን የነበሩት ተገደሉ፤ ከወለቃ የሄዱት አባቶቻቸው ብዙ ዘመን ወደ ለመኑበት አገር ሄዱ፣ ልጅም ወለዱ። አንዱን መከራ ከሌላው ጋር ማደባለቅ ሁለቱንም ማሳነስ ነው። ነገር ግን ለቀረው ጎረቤት የተተወለት ሥራ ይመሳሰላል። ሥራውም የሄደውን በእውነት ማሰብ ነው።

በእውነት ለማሰብ የሚፈልግ ሰው አራት ምስክሮችን ይጠይቅ። የመጀመሪያው ምስክር ምድሩ ነው፤ የጸሎት ቤቱ፣ መቃብሩ፣ ስግድ የተደረገበት ተራራ፣ በጎንደርም ካይላ ሜዳ እንደሚባለው ያለ የቦታ ስም። ሁለተኛው ምስክር እጅ ነው፤ የሸክላው አሠራር ከእናት ወደ ልጅ፣ ከጎረቤትም ወደ ጎረቤት አልፏልና። ሦስተኛው ምስክር አፍ ነው፤ ዕድሜ የጠገቡ አባቶችና እናቶች የሄዱትን በስማቸው ያውቋቸዋል፤ እነርሱ ሳያልፉ ቃላቸው ሊጻፍ ይገባዋል። አራተኛው ምስክር መጽሐፍ ነው፤ ነገር ግን የነገሥታቱ ዜና መዋዕል በድል አድራጊው ወገን የተጻፈ መሆኑን አንባቢው አይርሳ። አንዱ ምስክር ብቻውን ቢያታልል ሌላው ያርመዋል።

ይህ ምርመራ ለምን እንደሚያስፈልግ ራሱ የወለቃ ሸክላ ያስረዳል። እንግዳ ሰው አንበሳውንና ኮከቡን አይቶ ከጥንት ጀምሮ የተሠራ ይመስለዋል። ነገር ግን የቤተ እስራኤል እናቶች ዋና ሥራ ምጣድ፣ ድስት፣ እንስራ፣ ጋንና ጀበና ነበር። እነዚህ ትንንሽ ቅርጾች የበዙት በ20ኛው መቶ ዓመት፣ የውጭ አገር ጎብኚ እየመጣ መግዛት በጀመረ ጊዜ ነው። ይህንን መናገር የሠሪዎቹን እንጀራ መንቀፍ አይደለም፤ በእጅ ሠርቶ መብላት የተመሰገነ ነውና። ነገር ግን የሚሸጠው መታሰቢያ ሁልጊዜ የሚያምረው ወገን ነው። ኮከቡ ይሸጣል፤ ቡዳ የሚለው ስድብ አይሸጥም። አንበሳው ይሸጣል፤ የተነጠቀው ርስት አይሸጥም። ገዢው ወደ አገሩ ይዞት የሚሄደው ግማሹን ታሪክ ነው። የቀረው ግማሽ በመንደሩ ሰዎች አፍ ካልተነገረ በየትም አይገኝም።

ምናልባት አንድ ሰው «የሄዱት ሄደዋል፤ የድሮ ነውር ማውጣት ምን ይጠቅማል? ስድቡንም የተሳደቡት አባቶች እንጂ ልጆች አይደሉም» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ልጅ ስለ አባቱ ስድብ አይፈረድበትም። ነገር ግን አባቱ የተናገረውን ቃል ልጁ በአፉ ይዞት ቢገኝ ቃሉ የልጁ ይሆናል። ቡዳ የሚለው ነገር ከቤተ እስራኤል ጋር በአውሮፕላን ተሳፍሮ አልሄደም። እስከ ዛሬ ድረስ በልዩ ልዩ አውራጃ ቀጥቃጩን፣ ፋቂውን፣ ሸክላ ሠሪዋን በዚህ ቃል የሚያሙ፣ ልጃቸውን ለእነርሱ መዳር የሚጠሉ ሰዎች አሉ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እያለ የሚተርት አገር፣ ጎረቤቱን ከሄደ በኋላ ብቻ ቢያመሰግነው ተረቱን አልፈጸመውም።

ስለዚህ ያ ልጅ «ይህ ኮከብ የማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱ እንዲህ ቢሆን መልካም ነው፦ ኮከቡ የቤተ እስራኤል ነው። እነርሱ ከዚህ ይኖሩ ነበር፤ ኦሪትን ያነቡ፣ ሰንበትን ይጠብቁ ነበር። አያትህ ያረሰበትን ማረሻ የሠሩለት እነርሱ ናቸው፤ እርሱ ግን በክፉ ስም ጠራቸው። ከዚያ በኋላ ርቀው ሄዱ። እኛም ጭቃውን ማድቦልቦል የተማርነው ከእነርሱ ነው።

ይህን የሰማ ልጅ በማግሥቱ ወደ ገበያ ሄዶ የብረት ሠራተኛውን ሲያገኝ፣ አባቱ ያላደረገውን አድርጎ እጁን ዘርግቶ ሰላም ቢለው፣ የወለቃ ጎረቤቶች በእውነት ታሰቡ ማለት ነው።